በኅዳር የተወለደች አጥቂ

የክለባችንን መዝገብ ያስረከብኩት ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት ነው። ሰማያዊ ሽፋን ያለው ትልቅ መዝገብ፣ ሁለት እርሳስ፣ አንድ መቅረጫ፣ ጉርድ ፎቶ የታጨቀበት የብስኩት ቆርቆሮ። ሊቀመንበራችን አቶ ደረጀ ተቀበሉኝና ቆርቆሮውን ከፍተው አዩት፤ ምን ጎደለ ብለው እንደሆነ እንጃ። ከዚያ "በይ እንግዲህ፣ አንቺም ወደ ትምህርትሽ" አሉኝ። በቃ። ሦስት ዓመት የሠራሁት ሥራ የተዘጋው በዚህች ነው። አጎቴ ከመሥሪያ ቤቱ በጡረታ ሲሰናበት ኬክ ተቆርጦለት፣ አለቃው ስለ ታታሪነቱ ተናግረውለት፣ የግድግዳ ሰዓት ተሸልሞ ነው ቤት የገባው። እኔ አሥራ ስድስት ዓመቴ ስለሆነ ነው መሰል ንግግር አይገባኝም። እሺ። ንግግሬን ራሴ እጽፈዋለሁ። መጻፍ እንደምችል ያወቅሁት ደግሞ ዘንድሮ ስለሆነ ለማቆም ምንም ሐሳብ የለኝም።

ክለባችን "ጎረቤታሞች" ይባላል። ከኡራኤል ወረድ ብሎ፣ ሣር ነበራት የሚሏት ሜዳ ላይ ነው የምንለማመደው፤ ቢሮው አንድ ኮንቴይነር ነው። ልመዘገብ የሄድኩት ከክፍሌ ልጅ ከኢክራም ጋር ነበር። እኔ አሥራ ሦስት፣ እሷ አሥራ ሁለት ዓመታችን ነው።

በዚያን ጊዜ ወንድ ልጅ ለመመዝገብ የሚያስፈልገው ስሙና አንድ ጉርድ ፎቶ ነበር። ሴት ልጅ ግን ወላጅ ይዛ በአካል መቅረብ አለባት። እናቴ ከቢሮ አስፈቅዳ መጣች። የኢክራም እናት፣ እትዬ ዘሃራ፣ ወሎ ሰፈር ያለውን ሱቃቸውን ዘግተው መጡ። ሁለቱም ፀሐይ ላይ ቆመው ተራ ሲጠብቁ አንድ ልጅ ታኬታውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ መጣ፣ ስሙን ተናገረ፣ ሜዳ ገባ።

"የሱስ ወላጅ የታሉ?" አልኩ።

"ሴት ልጅ አደራ ናት፣ የኔ ልጅ" አሉ አቶ ደረጀ።

"ወንድ ልጅስ?"

እናቴ ክንዴን ቆነጠጠችኝ። ለጥያቄው እስከ ዛሬ መልስ የሰጠኝ የለም።

ጠረጴዛው ጋ የተቀመጡት ጋሽ ሰይድ ነበሩ። ዕድሜያቸውን ሙሉ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ሠርተው ጡረታ የወጡና ክለቡን በነፃ የሚያገለግሉ ሰው ናቸው። ዓይናቸው መድከም ጀምሮ ስለነበር ፎርሜን ራሴ እንድሞላ ሰጡኝ። ስጨርስ ወረቀቱን አፍንጫቸው ድረስ አስጠግተው አዩትና ለእናቴ "ይቺ ልጅ መስመር ትጠብቃለች" አሏት። ኢክራምን ወደ ሜዳ ሰደዷት፣ እኔን "አጠገቤ ተቀመጪና ቀጣዩን ጻፊ" አሉኝ። ተቀመጥኩ።

እውነቱን ልናገር፣ እኔን በማጣቱ ሜዳው አልተጎዳም። ኳስ ወደኔ ሲመጣ ዓይኔን እጨፍናለሁ፤ ይህንን መላው ክፍሌ ይመሰክራል። ጠረጴዛው ላይ ግን ዓይኔ አይጨፈንም ነበር። አንድ ልጅ ላብ በላብ ሆኖ ሲመጣና ስሙን ስጽፍለት፣ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ የክለብ ልጅ የሚሆነው በኔ እጅ ነው። ማለቴ፣ አሰልጣኙ ሊያባርረው ይችላል፣ እግሩ ሊሰበር ይችላል፤ ግን ተጽፏል።

የጋሽ ሰይድን አሠራር ልንገራችሁ፤ እሳቸው ራሳቸው አያወሩትም። ወላጅ አጠገብ ቢቆምም ስም የሚጠይቁት ልጁን ነው። "ማን ብዬ ልጻፍህ?" ይላሉ። እናትየው ቀድማ ብትመልስ እርሳሳቸውን አንስተው ዝም ብለው ይጠብቃሉ፤ ልጁ በራሱ አፍ ሳይናገር አይጽፉም። መጀመሪያ በእርሳስ ነው። ልጁ ሦስት ልምምድ ከመጣ በኋላ በእስክሪብቶ ይደገማል፤ "ሦስት ጊዜ ያልመጣ ገና እንግዳ ነው" ይላሉ። ስልክ ቁጥር ሲቀበሉ የሚጠይቁት "የማን ነው?" ብለው አይደለም፤ "ይቺን ስልክ የሚያነሳው ማነው?" ብለው ነው። ላጲስ ጠረጴዛችን ላይ አይወጣም። የተሳሳተ ነገር በአንድ ቀጭን መስመር ይሰረዛል፣ ከላዩ ትክክለኛው ይጻፋል፣ የታችኛውም መነበብ አለበት። የአድራሻው ዓምድ ለዚህ ማስረጃ ነው። ካዛንቺስ ቤታቸው ፈርሶ ራቅ ብለው የገቡ ልጆች አሉ፤ አንዳንዱ ልጅ ሦስት የተሰረዘ ሰፈር ተደራርቦበት አራተኛው በጠባቧ ክፍት ቦታ ተጨናንቆ ተጽፎለታል። እነዚህ ልጆች ሁለት ታክሲ ቀይረው ለልምምድ ይመጣሉ። ኮንቴይነሩ ጀርባ የሚኖሩት ያረፍዳሉ።

የልደት ቀን ደግሞ ወረቀቱ ላይ እንዳለ፣ በኛ አቆጣጠር ይጻፋል፤ ከጎኑም ምን ወረቀት እንደሆነ፦ የክትባት ካርድ፣ የክርስትና ወረቀት፣ ሰርተፍኬት። በፈረንጅ ሲጠየቅ ብቻ ይሰላል፤ ስሌቱን አንድ ሰው ይሠራል፣ ሌላ ሰው ያየዋል። ጋሽ ሰይድ ልክ እንደ ማባዣ ሰንጠረዥ አስጠንተውኛል፦ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሰባት ይደመራል፣ ከጥር ጀምሮ ስምንት፣ ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ ከሆነ ቁጭ ብሎ ቀን መቁጠር ነው። "የፈረንጅ ዓመት የሚለወጠው ታኅሣሥ ላይ ነው፤ እዚያች በር ላይ ስንቱ ተደናቅፏል መሰለሽ" ይሉኝ ነበር። እኔ እሰማለሁ፤ ልቤ ግን አልያዘውም ነበር።

በሁለተኛው ዓመት አደግሁ፤ የጨዋታ ቀን ቴሴራ ያዥ ሆንኩ። ቴሴራ ማለት ፎቶ ያለበት የተጫዋች ካርድ ነው። ከጨዋታው በፊት ዳኛው ፊት ቆሜ ስም እጠራለሁ፣ ተጫዋቿ ወጣ ትላለች፣ ዳኛው ፊቷንና ፎቶዋን ያስተያያል። ወንዶቹ ዓመቱን ሙሉ ያው የተላጨ ጭንቅላት ናቸው። ሴቶቹ በየሳምንቱ ፀጉራቸው ሌላ ነው። አንድ ዳኛ በረኛችንን "ይቺ ሌላ ልጅ ናት" ብሎ ከሰልፍ አስወጣት፤ ፎቶው ላይ ሹሩባ ናት፣ ያን ቀን አፍሮ።

"ጆሮዋን ይዩ" አልኩት።

"ምን?"

"ፀጉር ይለወጣል፣ ጆሮ አይለወጥም። የግራው ጫፉ ታጥፏል፤ ፎቶው ላይም ታጥፏል።"

ዳኛው አየ፣ ሳቀ፣ አስገባት። ይህን ያስተማረኝ ማንም የለም፤ ራሴ ያገኘሁት ነው። በጡረታ ንግግር ላይ እንዲህ ዓይነት ነገር ሌላ ሰው ነበር የሚናገርልኝ።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ልምጣ። ዘንድሮ አሰልጣኛችን ኮች ሄኖክ ከአሥራ አምስት ዓመት በታች የሴቶች ቡድን ሠራ። ኢክራም አጥቂ ናት። ግራ እግሯን ያላየ ሰው ስለ እግር ኳስ ባያወራ ይሻላል። ለሰፈሮች ውድድር ልንመዘገብ ፎርም መጣ፤ በስልክ የሚሞላ። የልደት ቀን የሚል ቦታ አለው፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ብቻ። እስቲ ንገሩኝ፤ አዘጋጆቹ እዚሁ የተወለዱ፣ ተጫዋቾቹ ከቄራና ከካዛንቺስ የመጡ፣ ዳኛው የጨርቆስ ልጅ፤ ፈረንጁ የታለ? ለማን ነው የምንተረጉመው?

ጋሽ ሰይድ በዚያ ሳምንት የዓይን ሞራ ተገፎላቸው ቤት ተኝተው ነበር። ፎርሙ የሚዘጋው ዓርብ ነው። እኔ ሐሙስ ከትምህርት ቤት ስመለስ ታክሲ ውስጥ፣ መዝገቡን ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ፣ የአሥራ ስምንት ልጆች ልደት ሞላሁ። ሁሉም ላይ ስምንት ደመርኩ። ሁሉም ላይ። ኢክራም ላይም፤ ኢክራም ደግሞ በኅዳር ነው የተወለደችው።

ፎርሙ ላይ በአንድ ዓመት አነሰች። በትክክል ብትሰላ ግን፣ ገደቡ የፈረንጅ ዓመት መግቢያ ስለሆነ፣ ከተፈቀደው ዕድሜ ስድስት ሳምንት በማይሞላ ታልፋለች። በኛ አቆጣጠር ከእሷ ጋር በአንድ ዓመት፣ ግን ከጥር ወዲህ የተወለዱ ልጆች እዚያው ቡድን ውስጥ አሉ፤ አብረው ያደጉ፣ አብረው የተከተቡ። እነሱ ልጆች ናቸው፣ እሷ አዋቂ። በቃ የሆነው ይኸው ነው።

ሁለት ጨዋታ አሸነፍን፤ በሁለቱም ግቡን ያገባችው እሷ ናት። ከሁለተኛው በኋላ የተሸነፈው ቡድን የተገቢነት ክስ አስገባ፤ ይህች ልጅ ዕድሜዋ አልፏል ብሎ። ሰርተፍኬት የሚታየው ክስ ሲመጣ ብቻ ነው። ታየ።

በማግስቱ ኮንቴይነሩ ውስጥ አምስት ሰው ሆነን ተቀመጥን፤ አቶ ደረጀ፣ ኮች ሄኖክ፣ ኢክራም፣ እትዬ ዘሃራና እኔ። አቶ ደረጀ የውድድሩን ደንብ አነበቡ። ጥፋቱ የክለቡ ከሆነ ቡድኑ በፎርፌ ተሸንፎ ይወጣል። ተጫዋቿ ክለቡን አታላ ከሆነ ግን የምትቀጣው እሷ ብቻ ናት፤ ሁለት ዓመት።

"ስለዚህ" አሉ ወረቀቱን አጥፈው፣ "የተሳሳተ ቀን የሰጠችን ልጅቷ ናት ብለን እንጽፋለን። አሥራ ሰባት ልጅ ይተርፋል።"

"ወላሂ እኔ ኅዳር ብዬ ነው የሰጠሁት" አለች ኢክራም።

"ማንም ሌባ አላለሽም እኮ።"

"አታላለች ብለው ሊጽፉ ነው፤ ሌላ ምን ይባላል?"

እትዬ ዘሃራ ድምፃቸውን ሳያነሱ "አቶ ደረጀ፣ እኔ ወረቀቷን በእጄ ነው ያመጣሁት። ሱቄን ዘግቼ" አሉ። ኮች ሄኖክ ጫማውን ያያል። ኢክራም ደግሞ እኔን ታያለች።

ምን እንዳልኩ ልጻፍ፤ ምንም አላልኩም። ስሌቱን መሳሳቴን እዚያው ቁጭ ብዬ ተረድቼዋለሁ። "እኔ ነኝ" የሚለው ሁለት ቃል ነው፤ አልወጣኝም። እስከ ዛሬ በሰው ላይ የምናደደውን ያህል በራሴ የተናደድኩት ያን ቀን ነው፤ ለዚህ ደግሞ አቶ ደረጀን መክሰስ አልችልም።

ሁሉም ሲወጡ አቶ ደረጀ እኔን አስቀሩኝ። "ኢክራም የተመዘገበችበትን ገጽ በአዲስ ወረቀት አሳምረሽ ገልብጪልኝ። የእሷን ቀን ፎርሙ ላይ እንዳለው አድርጊው። ልጅ ስለሆንሽ ነው እንጂ ይሄ አዲስ ነገር አይደለም" አሉኝ። መዝገቡን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ወጣሁ።

እግሬ የወሰደኝ ጋሽ ሰይድ ቤት ነው። አንድ ዓይናቸው በፋሻ ተሸፍኗል። ሁሉንም ነገርኳቸው። አላቋረጡኝም።

"መስመሯን አንብቢልኝ" አሉ።

አነበብኩ። ስም፣ የእናት ስም፣ ኅዳር፣ ቀኑ፣ ዓመቱ።

"ከምን ወረቀት ይላል?"

"ከሰርተፍኬት።"

"ወደ ፈረንጅ ማን ሰላው?"

"እኔ።"

"ማን አየው?"

"ማንም።"

"እሱ ነው ጥፋትሽ" አሉ። "ስሌትማ ማንም ይስታል፤ እኔም ስቼ አውቃለሁ። አንቺ ግን ብቻሽን ሠራሽው።"

"ገልብጪ ብለውኛል፣ ጋሼ።"

ፋሻቸውን በጣታቸው ነካ አደረጉ። "እኔ በሥራ ዘመኔ አንድ ገጽ ገልብጫለሁ" አሉ። "አለቃዬ ነው ያዘዘኝ። በዚያ ምክንያት አንድ ሰው ከሥራው ተባረረ። ሰውየው አሁንም ኡራኤል አካባቢ አለ። ሲያገኘኝ ኮፍያውን አንስቶ ሰላም ይለኛል፣ ስለ ልጆቼ ይጠይቀኛል። አያውቅማ።"

ከዚያ ሻይ ይምጣልሽ አሉኝ። እንዲህ አድርጊ አላሉኝም። አሁን ሳስበው ቢያዙኝ ይቀለኝ ነበር።

የክሱ ቀን አዘጋጆቹ ቢሮ ገባን። ሦስት ሰው ከጠረጴዛ ጀርባ ተቀምጧል። አቶ ደረጀ ቆመው ደብዳቤ አነበቡ፤ "ክለባችን በተጫዋቿ በተሰጠው የተሳሳተ መረጃ..." እያለ ይሄዳል። ኢክራም ሂጃቧን አገጯ ስር እየደጋገመች ታስተካክላለች። "ማስረጃችሁ የታለ?" ሲሉ አቶ ደረጀ እጃቸውን ወደ እኔ ዘረጉ፤ የተገለበጠውን ገጽ ነው የሚጠብቁት። እኔ መዝገቡን ራሱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩና ገለጥኩት።

"ልጅቷ የሰጠችው ቀን ይኸው" አልኩ። "ኅዳር ነው። ሦስት ዓመት ሆኖታል ከተጻፈ። ፎርሙ ላይ ስምንት የደመርኩት እኔ ነኝ፤ ሰባት ነበር።"

መሀል የተቀመጡት ሰውዬ ከመነጽራቸው በላይ አዩኝ። "አንቺ ማን ነሽ?"

"መዝጋቢዋ።"

"ስንት ዓመትሽ ነው?"

"አሥራ ስድስት። በሐበሻም በፈረንጅም።"

አቶ ደረጀ "ልጅ ናት፣ ተደናግጣ ነው" አሉ። በስተቀኝ የተቀመጡት ሴትዮ ግን መዝገቡን ወደ ራሳቸው ጎትተው መስመሩን በጣታቸው ተከተሉት። ድልዝ ፈለጉ፤ የለም። ገጹን ወደ ብርሃን አነሱት። መጀመሪያ በእርሳስ፣ ላዩ ላይ በእስክሪብቶ፣ ሁለቱም አንድ ቀን ነው። "ይሄ የቆየ ጽሕፈት ነው" አሉ።

ሦስተኛው ሰውዬ ጆሯቸውን እያከኩ "ቆይ፣ ኅዳር ላይ ስምንት አይደለም እንዴ የሚደመረው?" አሉ።

"ሰባት ነው እንጂ" አሏቸው ሴትዮዋ፤ ሦስቱም ሳቁ። እዩልኝ እንግዲህ። ፎርሙን ያወጣው ሰው ራሱ ስምንት ይደምራል፤ ለእሱ ሳቅ ነው፣ ለእኛ ፎርፌ። አልሳቅሁም፤ ኢክራምም አልሳቀችም።

ውሳኔው በዚያው ቀን ወጣ። ኢክራም ምንም ጥፋት የለባትም፣ አትቀጣም። ጥፋቱ የክለቡ ስለሆነ ቡድኑ ከውድድሩ ወጥቷል።

ይህን ተጎናጽፌ ጀግና ልመስል አልፈልግም፤ ምክንያቱም አሥራ ሰባቱ ልጆች ምንም አላጠፉም። ኮች ሄኖክ ለልጆቹ ሲነግራቸው አጠገቡ ቆሜ ነበር። በረኛችን፣ ያቺ በጆሮዋ ያተረፍኳት፣ ጓንቷን አውልቃ "አንቺ ታክሲ ውስጥ ተዝናንተሽ ስትደምሪ እኛ እዚህ አቧራ ስንበላ ነበር" አለችኝ። ከልጆቹ አራቱ እስካሁን አያናግሩኝም፤ ሜዳ ዳር ሳልፍ ወሬ ያቆማሉ። ልክ ናቸው። ግን አንድ ነገር ልጠይቃቸው እፈልጋለሁ፦ የኢክራም ስም ተበላሽቶ ዋንጫ ብናነሳ ኖሮ ዋንጫውን ይዛ ፎቶ የምትነሳው ማን ነበረች?

አቶ ደረጀ ስለ ደብዳቤያቸው አንድም ቀን አላነሱም። የተባረርኩት እኔ ነኝ። "ኃላፊነት የሚሰማው ትልቅ ሰው እንፈልጋለን" አሉ ለኮሚቴው፤ ይህን ሲሉ ፊታቸው ቅንጣት አልተለወጠም። ስህተቴን ሠርቻለሁ፣ ብባረርም ይገባኛል። የማይገባኝ የእሳቸው መቆየት ነው። ሰባትና ስምንት ያምታታ ይሄዳል፣ ገጽ ገልብጪ ያለ ወንበሩ ላይ ይቀመጣል።

እናም ቅዳሜ መዝገቡን አስረክቤ ከኮንቴይነሩ ስወጣ ኢክራም ደጃፉ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ተቀምጣ ነበር። ኮች ሄኖክ ከአሥራ ሰባት ዓመት በታች ቡድን ውስጥ ሊያስገባት ፎርም ሰጥቷታል፤ አዲስ መዝጋቢ ገና ስላልተገኘ ራስሽ ሙይው ብሏታል። አዘጋጆቹ ከዚያ ሁሉ በኋላ ያሻሻሉት ነገር ፎርሙን በወረቀት ማድረጋቸው ነው። ቀኑ ያው በፈረንጅ ነው።

ከክሱ ቀን ወዲህ በደንብ አላወራንም። አጠገቧ ተቀመጥኩ። ፎርሙን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ልደት የሚለው ቦታ ጋ ደርሳለች። እጄ፣ የሦስት ዓመት ልምድ ነው፣ በራሱ ጊዜ ወደ እስክሪብቶው ሄደ።

"እጅሽን አንሺ" አለችኝ፣ ቀና ሳትል።

አነሳሁ።

በጣቷ ቆጠረች። እንደገና ቆጠረች። ጻፈች፣ እፍ አለችበት፣ ተነስታ ለኮች ሄኖክ በእጁ ሰጠችው፤ ለእኔ አላሳየችኝም። እኔም ልየው አላልኩም፣ ምንም እንኳ አንገቴ ተንጠራርቶ ሊሰበር ቢደርስም። ከዚያ ተመልሳ ታኬታዋን አሰረችና ቦርሳዋን ጭኔ ላይ ጣለችው።

"ያዢልኝ፣ ላሟሙቅ። ስልኬ ውስጡ ነው፣ እናቴ ከደወለች አንሺላት" አለችኝና ወደ ሜዳው ሮጠች።

ያዝኩላት። እትዬ ዘሃራም ደወሉ፣ አነሳሁላቸው።